ጭስና ሩጫ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሯጭ ከቤቱ ሲወጣ «ትንሽ አየር ልቀበል» ይላል። የሚቀበለው አየር ምን ምን እንደያዘ ትዝ የሚለው ግን አንድ አሮጌ የጭነት መኪና አጠገቡ ማርሽ ቀይሮ ጥቁር ጭሱን ሲያለብሰው ነው። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ሶምሶማ ገና የጀመረም፣ ለማራቶን የሚዘጋጅም፣ አስም ያለበትም ደጋግሞ የሚያነሳቸው ናቸው። መልሱን የምሰጠው እንደ ሯጭ እንጂ እንደ ሐኪም አይደለም። የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከእኔ ይልቅ የሐኪሙን ቃል ይስማ።

አየሩ ከተበከለ ከመሮጥ ቁጭ ማለት አይሻልም?

ለአብዛኛው ሰው፣ በአብዛኛው ቀን፣ አይሻልም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በካምብሪጅ ተመራማሪዎች መሪነት የወጣ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ በስሌት ሞክሮት ነበር፦ ብስክሌት መንዳትና በእግር መሄድ የሚሰጡትን ጥቅም የአየር ብክለቱ ጉዳት የሚውጠው መቼ ነው? የዓለም ከተሞች አማካይ ተብሎ በተወሰደው መጠን፣ ማለትም በኪዩቢክ ሜትር 22 ማይክሮግራም ደቃቅ ብናኝ ሲኖር፣ ጥቅሙ በሰፊው አመዘነ። ብናኙ 100 ማይክሮግራም ሲደርስ ግን በቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ጉዳቱ ከጥቅሙ በለጠ። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ያው ነጥብ የሚመጣው በቀን ከ10 ሰዓት በላይ ሲሄድ ነው። በዴንማርክ ደግሞ ከ52,000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ሌላ ጥናት ነበር። ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ በበዛበት ሰፈር ከሚኖሩት መካከልም ስፖርት የሚሠሩት ከማይሠሩት ያነሰ የሞት አደጋ ነበራቸው።

ሩጫ ግን ከቀላል ብስክሌት ይልቅ ያስተነፍሳል፤ የዴንማርክ አየርም ከብዙ ትላልቅ ከተሞች የተሻለ ነው። ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች «እንደፈለጋችሁ ሩጡ» የሚል ፈቃድ አድርጌ አልወስዳቸውም። የምወስደው ይህን ነው፦ መቀየር ያለበት ቦታውና ሰዓቱ ነው፤ ሩጫው ይቆይ።

ስሮጥ የምስበው ጭስ ተቀምጦ ካለ ሰው ምን ያህል ይበልጣል?

ተቀምጦ ያለ ሰው በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ገደማ አየር ያስገባል። በመካከለኛ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ከ60 እስከ 80 ሊትር ይደርሳል፤ ጠንከር ካለ ከ100 ያልፋል። በ70 ሊትር እናስላው። የ40 ደቂቃ ሩጫ 2,800 ሊትር አየር ማለት ነው። በደቂቃ 7 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ያንን ያህል ለማስገባት 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ መቀመጥ አለበት። መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚውል ሰው አብዛኛውን የሥራ ቀኑን የሚስበውን ያህል እርስዎ ከቁርስ በፊት ስበው ይመለሳሉ ማለት ነው።

መጠኑ ብቻም አይደለም። ሩጫው ሲጠነክር አፍ ይከፈታል፤ አፍንጫ በተፈጥሮው የሚሠራው ማጣሪያ ይታለፋል። ትንፋሹም ስለሚጠልቅ ደቃቁ ብናኝ ወደ ሳንባ ጫፍ ድረስ ይዘልቃል።

ሒሳቡ ሦስት ነገሮችን ያባዛል፦ አየሩ ውስጥ ያለው መጠን፣ በደቂቃ የሚስቡት አየርና የቆዩበት ጊዜ። ከሦስቱ አንዱን በግማሽ ቢቀንሱ ውጤቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን የሚነካ ነው።

ለመሆኑ አየሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ሯጭን የሚመለከቱት በዋናነት አራት ናቸው።

ደቃቅ ብናኝ፣ በተለምዶ ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ ስፋቱ 2.5 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። አንድ የሰው ፀጉር ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ስለሚሆን ከሃያ በላይ ብናኞች በአንድ ፀጉር ውፍረት ላይ ይሰለፋሉ። ምንጩ የናፍጣ ጭስ፣ የማገዶና የከሰል ጭስ፣ የሚቃጠል ቆሻሻ፣ የፋብሪካ ጭስ ነው። ከአራቱ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው፤ ልብንም ደም ሥርንም የሚነካው በዋናነት እሱ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2013 የውጭ አየር ብክለትን በጠቅላላው፣ ደቃቅ ብናኝን ደግሞ በተናጠል፣ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧል።

ኦዞን ከጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም። የተሽከርካሪና የፋብሪካ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ሲበስሉ የሚፈጠር ነው፤ የመተንፈሻ ቱቦን ይለበልባል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የትራፊክ ምልክት ነው ቢባል ይቀላል፤ እሱ ባለበት ሌላውም የሞተር ጭስ አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ እግር በጣም ኦክስጅን በሚፈልግበት ሰዓት ቦታውን ይቀማዋል።

ከሁሉ በፊት ምን ልቀይር?

መንገዱን። አንድ ነገር ብቻ መቀየር የሚችል ሰው ማስክም፣ አፕም፣ ሰዓትም ትቶ መንገዱን ይቀይር።

ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ጭስ በጣም የሚከማቸው ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከዚያ በየሜትሩ ይሳሳል። በትላልቅ አውራ ጎዳናዎች ዳር የተደረጉ ልኬቶች እንዳሳዩት እጅግ ደቃቅ የሆኑት ብናኞች 300 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሲደረስ ከአካባቢው አየር መለየት ያቅታል። ጥሩው ዜና ቅነሳው የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች መሆኑ ነው። 300 ሜትር መሸሽ ባይቻል እንኳ አንድ መንገድ ወደ ውስጥ መግባት ብዙ ያተርፋል። እኔ ለሁለት ዓመት ያህል በዋናው መንገድ የእግረኛ ጠርዝ ላይ ሮጫለሁ፤ ምክንያቴ ቀጥ ያለና መብራት ያለው መሆኑ ነበር። አንድ ቀን በቁፋሮ ምክንያት መንገዱ ሲዘጋ ከጀርባው ባለው የውስጥ መንገድ ዞርኩ። ስመለስ ጉሮሮዬ አልከረከረኝም። ያኔ ነው ያ ክርከራ የሩጫ ሳይሆን የመንገዱ እንደነበር የገባኝ።

ይህ የእኔ ጉሮሮ ብቻ ያለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የለንደን ጥናት 60 የአስም ሕመምተኞች በተለያየ ቀን ለሁለት ሰዓት በሁለት ቦታ ተራመዱ፦ አንዴ ያኔ የናፍጣ አውቶቡስና ታክሲ ብቻ ያልፍበት በነበረው ኦክስፎርድ ጎዳና፣ ሌላ ጊዜ በሃይድ ፓርክ። ሁለቱ ቦታዎች ጎረቤታሞች ናቸው። ሆኖም የሳንባ አቅም በጎዳናው ላይ የበለጠ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ 119 ሰዎች በነዚያው ሁለት ቦታዎች ተሞከሩ። በፓርኩ የተራመዱበት ቀን ለሳንባቸውና ለደም ሥራቸው ያመጣው መሻሻል በጎዳናው ላይ በአብዛኛው ጠፋ። እርምጃው ያው ነው፤ የተለየው ቦታው ነው።

መንገድ ሲመርጡ ካርታው የማይነግርዎት አንዳንድ ነገር አለ። መስቀለኛ መንገድና መብራት ያለበት ቦታ መጥፎ ነው፤ መኪና ጭሱን የሚያበዛው ቆሞ ሲነሳ ነው። ከባድ መኪና የሚወጣው ዳገት ከሜዳው ይብሳል። እርስዎም ዳገቱን ሲወጡ ትንፋሽዎ ስለሚጨምር ሁለቱ ክፉ ነገሮች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። በሁለቱም ወገን ረጃጅም ሕንፃ የታጠረ ጠባብ ጎዳና ጭሱን እንደ ሸለቆ ያቁረዋል። የመኪና ዋሻና የድልድይ ሥርም እንዲሁ። መናፈሻ ካገኙ በአጥሩ ዳር ከሚዞረው መንገድ ይልቅ በመሃል የሚያቋርጠውን ይያዙ። ከዋናው መንገድ መላቀቅ ካልተቻለ ነፋሱ ከእርስዎ ወደ መኪናው በሚነፍስበት ጎን ይሩጡ፤ በመሃል ጥቅጥቅ ያለ የቁጥቋጦ አጥር ካለ ደግሞ ከአጥሩ ጀርባ።

መብራት ላይ ቆመው እየዘለሉ ሰውነትዎን የሚያሞቁ ከሆነም ከመኪናዎቹ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይበሉ። የአውቶቡስ ጭስ ማውጫ ሕፃን ልጅ ፊት ጋ ነው ያለው፤ ጎንበስ ብሎ የሚያፍታታ ሯጭም እዚያው ነው።

መኪናዎቹ ኤሌክትሪክ ቢሆኑስ?

የጭስ ማውጫው ይቀራል፤ ትልቅ እፎይታ ነው። ከጎማ፣ ከፍሬንና ከመንገዱ ላይ የሚነሳው ብናኝ ግን አይቀርም።

በየትኛው ሰዓት ብሮጥ ይሻላል?

«ጠዋት አየሩ ንጹሕ ነው» የሚለውን ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከቀኑ ሁሉ መጥፎው ሰዓት ጎህ ሲቀድ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬት ሙቀቷን ስለምትለቅ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ከላይ ያለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ይደፋበታል። ማታ የተለቀቀው ጭስ ወጥቶ አይበተንም፤ ከክዳኑ ሥር ይተኛል። ሸለቆና በተራራ የተከበበ ቦታ ላይ ደግሞ ክዳኑ ይጠብቃል። ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ ምድጃ ሲያቀጣጥልና መኪና ሲያስነሳ በማታው ላይ የጠዋቱ ይደረባል። ፀሐይ ወጥታ መሬቷን ካሞቀች በኋላ ክዳኑ ይሰበርና ጭሱ ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ በደረቅና በቀዝቃዛ ወራት ረፋድ ላይ መሮጥ ከንጋቱ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ኦዞን ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። የሚፈጠረው በፀሐይ ስለሆነ ከቀትር እስከ አመሻሽ ባለው ጊዜ ጣሪያውን ይነካል፤ በተለይ ነፋስ በሌለበት ሞቃት ቀን። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለው፦ ከመኪና የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦዞንን ስለሚበላው፣ ከከተማ ወጣ ባለ አረንጓዴ ቦታ ላይ ኦዞን ከመሃል ከተማ ሊበልጥ ይችላል። በሞቃት ወራት እንግዲህ ጠዋት ይሻላል ማለት ነው።

ሁለቱን አስታርቆ ለሁሉም ቦታ የሚሠራ ሰዓት መስጠት አይቻልም። በሁሉም ቦታ የሚሠራው ሰው ወደ ሥራ የሚገባበትንና ከሥራ የሚወጣበትን ሰዓት መሸሽ ነው። የቀረውን የአካባቢዎን የሰዓት በሰዓት ልኬት ለአንድ ሳምንት ቢመለከቱ ራሱ ይነግርዎታል።

ዝናብ ከዘነበ በኋላስ?

ይውጡ። ዝናብ ትላልቁን ብናኝ በደንብ ያጥባል፤ ደቃቁን ያን ያህል አይደለም። ከዝናቡ ጋር የሚመጣው ነፋስም የራሱን ይበትናል። እግርዎ ይረጥባል እንጂ ሳንባዎ ያመሰግንዎታል።

የአየር ጥራት ቁጥሩን እንዴት ላንብበው?

በመጀመሪያ የየትኛው አገር ሚዛን እንደሆነ ይመልከቱ፤ አገሮች የተለያየ መለኪያ ስላላቸው አንዱ ጋ 80 የሚባለው ሌላው ጋ ሌላ ነው። በብዙ አፖች ላይ የሚታየው የአሜሪካው ነው፦ እስከ 50 አረንጓዴ፣ እስከ 100 ቢጫ፣ እስከ 150 ብርቱካናማ፣ እስከ 200 ቀይ፣ እስከ 300 ሐምራዊ፣ ከዚያ በላይ ቡናማ ቀይ።

እኔ የምከተለው ይህን ነው። እስከ 100 ድረስ እንደ ዕቅዴ እሮጣለሁ። ከ100 እስከ 150 ከሆነ ፈጣን ልምምዱን ለሌላ ቀን አስተላልፌ አጭርና ቀላል ሶምሶማ አደርጋለሁ። ከ150 ካለፈ ውጭ አልሮጥም። ከ200 በላይ ሲሆን ማንም ጤነኛ ሰው ውጭ የሚሮጥበት ምክንያት አይታየኝም። አስም፣ የልብ ሕመም ወይም እርግዝና ካለ እያንዳንዱን መስመር አንድ ደረጃ ወደ ታች ያውርዱት።

ቢጫ ማለት ግን «ንጹሕ» ማለት አይደለም። በዚህ ሚዛን 100 የሚባለው በኪዩቢክ ሜትር 35 ማይክሮግራም ገደማ ደቃቅ ብናኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ደግሞ የ24 ሰዓት አማካዩ ከ15 ማይክሮግራም፣ የዓመቱ አማካይ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ነው የሚለው። የእኔ መስመር ከዚያ የላላ ነው፤ የላላበት ምክንያት አንድ ሰዓት የምሮጥ እንጂ ቀኑን ሙሉ የምቆይ ስላልሆንኩ ነው።

ሌላው የሚዘነጋው፣ የሚታየው ቁጥር የአንዱ፣ ማለትም በዚያ ሰዓት የከፋው በካይ ቁጥር መሆኑ ነው። 120 የሆነው በብናኝ ከሆነ ከመንገድ መራቅ ሊረዳ ይችላል። በኦዞን ከሆነ ግን ሰዓት ከመቀየር ወይም ቤት ውስጥ ከመሥራት በቀር መላ የለውም። አፑ ላይ ቁጥሩን ነካ ሲያደርጉት የትኛው እንደሆነ ይነግርዎታል።

መለኪያው የት እንዳለም ይመልከቱ። አሥር ኪሎሜትር ርቆ ያለ ጣቢያ ስለ እርስዎ መስቀለኛ መንገድ የሚያውቀው ነገር የለም። በየቤቱ የሚተከሉት ርካሽ መለኪያዎች ብናኙን በብርሃን የሚቆጥሩ ስለሆኑ ጉም ባለበት ጠዋት የውኃውን ጠብታም ብናኝ ብለው ቁጥሩን ሊያንሩት ይችላሉ።

መለኪያ በሌለበት ቦታ ብሆንስ?

ዓይንና አፍንጫ አለዎት። ሁልጊዜ የሚያዩትን አንድ ሩቅ ነገር፣ ተራራም ይሁን ፎቅ፣ ምልክት ያድርጉ። በጠራ ቀን ጎልቶ የሚታየው ዛሬ ከደበዘዘ፣ ድብዘዛውም ከነጭ ይልቅ ወደ ቡናማና ወደ ግራጫ ካደላ፣ አየሩ ተሸክሟል። ከሩቅ የሚወጣ ጭስም ይናገራል። ተበትኖ የሚጠፋ ከሆነ አየሩ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ጥቂት ከፍ ብሎ እንደ አንሶላ ከተዘረጋ ያ የተባለው ክዳን አለ ማለት ነው። ቆሻሻ የተቃጠለበት ሽታ ካለ ሌላ መለኪያ አያስፈልግም።

ዓይን የማያየው ኦዞንን ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሞቆ ነፋስ በሌለበት ከሰዓት በኋላ፣ ረጅም ትንፋሽ ሲስቡ ደረትዎ ውስጥ የሚያቃጥልና የሚያሳልዎት ከሆነ እሱን ይጠርጥሩ።

ማስክ አድርጌ ብሮጥስ?

በደንብ የገጠመ ኤን95 ማስክ ከሙከራው ብናኝ ቢያንስ 95 ከመቶውን ይይዛል፤ ኤፍኤፍፒ2 የሚባለውም ተቀራራቢ ነው። ስለ ብናኝ እስከተነጋገርን ድረስ ይሠራል። ኦዞንን፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድንና ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አያቆምም፤ ጋዝ ናቸውና ሰተት ብለው ያልፋሉ።

«በደንብ የገጠመ» የሚለው ላይ ነው ነገሩ። ማስክ የሚሠራው ጠርዙ ፊት ላይ ሲጣበቅ ነው። ጺም ካለ አይጣበቅም። ሲሮጡ መንጋጋ ይንቀሳቀሳል፣ ላብ ያንሸራትተዋል፣ ትንፋሽ ያረጥበዋል። የረጠበ ማስክ ደግሞ አየር ለመሳብ ይከብዳል። ሲከብድ እጅ ሳያስቡት ወደ አፍንጫ ሄዶ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የአገጭ ጌጥ ነው። የጨርቅ ማስክና በአንገት ላይ የሚጠለቀው ጨርቅ ነፍሳትና አሸዋ ይከለክሉ ይሆናል፤ ደቃቅ ብናኝ ላይ ግን ብዙ ተስፋ አይጣልባቸውም። የሐኪም ቤቱ ሰማያዊ ማስክ ጨርቁ ደህና ቢሆንም በጎንና በጎኑ ክፍት ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የቤጂንግ ማራቶን በጭጋግ መሰል ጭስ ውስጥ ሲካሄድ ብዙ ሯጮች ማስክ አጥልቀው ሲሮጡ በዓለም ዙሪያ ታይቷል። እኔ ያንን ምስል ባየሁ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው፦ ማስክ የሚያስፈልገው ቀን ከሆነ የሩጫ ቀን አይደለም። ማስኩን ከቤት እስከ መናፈሻው በእግርዎ ሲሄዱ ያድርጉት፤ እዚያ ሲደርሱ አውልቀው ይሩጡ።

በአፍንጫዬ ብቻ ብተነፍስ ይጠቅማል?

እስከሚችሉበት ድረስ ይጠቅማል። አፍንጫ ትልልቁን ብናኝ ያስቀራል፣ ከኦዞኑም የተወሰነውን ይይዛል። ደቃቁን ብናኝ አብዛኛውን ያሳልፋል። ችግሩ ትንፋሽ በደቂቃ 35 ወይም 40 ሊትር ገደማ ሲያልፍ አብዛኛው ሰው ሳይወድ አፉን ይከፍታል። ስለዚህ እኔ አፍንጫን እንደ ፍጥነት ገደብ ነው የምጠቀምበት፤ አየሩ ደስ በማይል ቀን በአፍንጫዬ መሮጥ ካቃተኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው።

ፍጥነት ልቀንስ ወይስ ርቀት?

ሁለቱንም፤ ግን ኪሎሜትር መቁጠሩን ለዚያ ቀን ይተዉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሥር ኪሎሜትሩን ሳይቀንስ ቀስ ብሎ ሲሮጥ ጭሱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ በትንፋሽ ያተረፈውን በደቂቃ ይመልሰዋል። በደቂቃ ያቅዱ፦ 50 ደቂቃ የነበረው 30 ይሁን፣ እሱም ቀለል ባለ ፍጥነት። ኢንተርቫል፣ ማለትም እየፈጠኑና እያረፉ የሚሮጡት፣ እና የዳገት ልምምድ ትንፋሽን ጣሪያ ስለሚያደርሱ ጥሩ አየር ላለበት ቀን ይቀመጡ።

ትሬድሚል ላይ ብሮጥስ?

አንዳንዴ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ የተከፈተ ጂም ከውጩ ብዙም አይለይም፤ ደቃቅ ብናኝ በተዘጋ በርም ይሾልካል። አርባ ሰው በታፈነ ክፍል ውስጥ የሚያልብበት ቦታ የራሱ ጣጣ አለው። በኦዞን ቀን ግን ቤት ውስጥ መሥራት በእርግጥ ይረዳል፤ ኦዞን ግድግዳና ዕቃ ሲነካ ስለሚበላሽ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መጠኑ በጣም ያንሳል። በብናኝ ቀን የሚያዋጣው ሄፓ የሚባለው፣ ደቃቅ ብናኝን የሚይዝ የአየር ማጣሪያ ያለው ክፍል ነው። ወጥ እየተሠራ ያለበት ማዕድ ቤት አጠገብ ትሬድሚል መትከል ደግሞ መንገድ ዳር ከመሮጥ የተሻለ አይደለም።

አስም አለብኝ፤ ጭራሽ ልተወው?

አይደለም፤ ግን ከሌላው ቀድመው ይጠንቀቁ። ከሐኪምዎ ጋር የተጻፈ ዕቅድ ይኑርዎት። ከሩጫ በፊት ኢንሄለር እንዲወስዱ ታዘው ከሆነ ሳይወስዱ አይውጡ፤ ማስታገሻውም ቤት ሳይሆን ኪስዎ ውስጥ ይሁን። ማሟሟቂያውን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያርዝሙት። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ብቻውን አስም ይቀሰቅሳል፤ ጭስ ሲጨመርበት ይብሳል።

ልጆችስ?

ልጆች ከክብደታቸው አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባሉ፤ ሳንባቸውም ገና እያደገ ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ 3,535 ልጆችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ኦዞን በበዛባቸው አካባቢዎች ሦስትና ከዚያ በላይ ስፖርት የሚጫወቱት ስፖርት ከማይጫወቱት በሦስት እጥፍ በላይ ለአስም መጋለጣቸውን አገኘ። ኦዞን ዝቅ ባለባቸው አካባቢዎች ግን ስፖርት ይህን አላመጣም። አሰልጣኝ ከሆኑ የልምምዱን ሰዓት መወሰን የእርስዎ ሥልጣን ነው፤ ልጁ «አየሩ መጥፎ ነው» ብሎ አይቀርም።

ስለለመድኩት አይነካኝም የሚሉስ?

ከኦዞን ጋር ይህ በከፊል ይታያል፤ በተከታታይ ቀናት የተጋለጠ ሰው ሳሉና የደረት መጨነቁ ይቀንስለታል። በመተንፈሻ ቱቦ ውስጥ ያለው ብግነት ግን አብሮ አይጠፋም። የለመደው ማንቂያ ደወሉ ነው።

ወተት ወይም ቫይታሚን ጭሱን ያጥበዋል?

ወተት ወደ ሆድ፣ ብናኝ ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው፤ መንገድ ላይ አይገናኙም። ወተቱን ለጥሙ ይጠጡት። ፍራፍሬና አትክልት መብላት ለሁሉም ነገር ጥሩ ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ ለመሮጥ ፈቃድ የሚሰጥ ክኒን ግን የለም።

የተመዘገብኩበት ውድድር ቀን አየሩ ቢከፋስ?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ገንዘብ ተከፍሏል፣ ለወራት ተለማምደዋል፣ ጓደኞች እየጠበቁ ነው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ማራቶን ላይ እንደማይሮጥ አስታወቀ። አስም ነበረበት፤ በዚያ አየር 42 ኪሎሜትር መሮጥ ጤናውን እንደሚጎዳው ፈርቶ ነበር። በምትኩ በ10,000 ሜትር ተወዳድሮ ስድስተኛ ወጣ። ማራቶኑ ነሐሴ ላይ ሲካሄድ ቀኑ ከተፈራው ተሽሎ ተገኘና ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ኃይሌ ግን በመስከረም በርሊን ላይ 2፡03፡59 ሮጦ የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ያን ጊዜ «ፈራ» ያሉት ነበሩ። እኔ ውሳኔውን የማየው በወቅቱ ባወቀው ነው፤ የሚያውቀው ሳንባውን ነበር።

ለእኛ ለተራዎቹ ምርጫው ይቀላል። ቁጥሩ ከ150 በታች ከሆነና ጤነኛ ከሆኑ ሰዓቱን ረስተው ለመጨረስ ብቻ ይሩጡ። ከዚያ ካለፈ የመሮጫ ቁጥሩን ለማስታወሻ ይያዙትና ሌላ ውድድር ይፈልጉ። አዘጋጁ ካልሰረዘ ችግር የለም ብለው አይደምድሙ።

የሰደድ እሳት ጭስ ሲመጣስ?

አይሮጥም። መንገድ መቀየር እዚህ አይሠራም፤ ጭሱ አገር ሙሉ ያለብሳልና። መስኮት ዘግተው ቤት ውስጥ ቀላል እንቅስቃሴ ያድርጉ፤ ጭሱ በሰዓታት ውስጥ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ደጋግመው ይዩ።

ከሩጫ በኋላ የማደርገው ነገር አለ?

ብዙም የለም። ማፍታቻውን መንገድ ዳር አይሥሩ፤ ትንፋሽዎ ገና ከፍ ያለ ነው። ፊትዎን ይታጠቡ፣ ልብስዎን ይቀይሩ፣ አፍንጫዎን ይናፈጡ። አፍንጫ በጨው ውኃ ማጠብ ለሚወዱ የተፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ይሁን።

ምን ምልክት ሳይ ልቁም?

የማያቋርጥ ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ ደረት ላይ መጨነቅ ከጀመረ ወደ እርምጃ ይቀይሩና ከመንገዱ ይራቁ፤ በእርምጃ ካልተወ ልምምዱ እዚያ ላይ አልቋል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከትራፊክ ጭስ ውስጥ ወይም ከዋሻ ሲወጡ ከመጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሆን ይችላል። ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፤ በተራ አየር እየተነፈሱ ከደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ እንኳ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ስለሚወስድ በዚያ ቀን እንደገና አይሩጡ፤ ካልቀለለዎት ወደ ሐኪም ይሂዱ። ወደ ክንድ፣ ወደ ትከሻ ወይም ወደ መንጋጋ የሚወርድ የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት፣ ወይም ማስታገሻው ያልመለሰው የአስም ትንፋሽ ከሆነ ግን ቤት ደርሶ ማረፍ አይታሰብም፤ ባሉበት ቁጭ ብለው ሰው ይጥሩና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዱ።